የውጭ ፖሊሲ፣ ንግድና የውጭ ኢንቨስትመንት፦ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣንና የኤምሬቶች ድርሻ

የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የሰባት ኤምሬቶች ኅብረት ናት። አቡ ዳቢ፣ ዱባይ፣ ሻርጃ፣ አጅማን፣ ኡም አል ቁዋይን እና ፉጃይራ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1971 አገሪቱን መሠረቱ፤ ራስ አል ኻይማ ደግሞ በ1972 መጀመሪያ ተቀላቀለች። እያንዳንዱ ኤምሬት የራሱ ገዥ፣ የራሱ በጀትና የራሱ አስተዳደር አለው። ለዓለም ግን አንድ ባንዲራ፣ አንድ ፓስፖርት፣ አንድ ገንዘብና አንድ የውጭ ፖሊሲ ነው ያላቸው።

በአገሪቱ ለሚኖርና ለሚሠራ የውጭ ዜጋ ይህ አወቃቀር በየዕለቱ የሚያጋጥመው ጉዳይ ነው። የንግድ ፈቃድ የሚያወጣው አካልና የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንድ አይደሉም። የቤት ኪራይ ውል የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤትና የሥራ ውል የሚጸድቅበት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ይለያያሉ። የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሰው መብቱን የሚጠይቅበትን በር አይስትም። ይህ ጽሑፍ በውጭ ግንኙነት፣ በንግድና በኢንቨስትመንት ረገድ ሥልጣኑ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ በየጊዜው ምን ለውጥ እንደተደረገበትና ለነዋሪው ምን ትርጉም እንዳለው ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕገ መንግሥታዊው መሠረት

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ1971 በጊዜያዊነት ወጥቶ በ1996 ቋሚ ሆኗል። ሥልጣንን የሚያከፋፍሉት ዋና ዋና ድንጋጌዎች አንቀጽ 120፣ 121 እና 122 ናቸው።

አንቀጽ 120 የማውጣትም የማስፈጸምም ሥልጣናቸው ለፌዴራል መንግሥቱ ብቻ የተሰጡ ጉዳዮችን ይዘረዝራል። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው የውጭ ጉዳይ ነው። መከላከያ፣ የኅብረቱ ጸጥታ፣ የፌዴራል ታክስና ቀረጥ፣ ገንዘብ ማተም፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር እንዲሁም ዜግነት፣ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና ኢሚግሬሽን በዚሁ አንቀጽ ሥር ይገኛሉ።

አንቀጽ 121 በበኩሉ ሕግ የማውጣቱ ሥልጣን የፌዴራል ሆኖ አፈጻጸሙን ኤምሬቶች ሊሳተፉበት የሚችሉ ጉዳዮችን ይዟል። የሥራ ግንኙነትና ማኅበራዊ ዋስትና፣ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ የንግድና የኩባንያ ሕግ፣ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋነኞቹ ናቸው። በ2004 በተደረገ ማሻሻያ የፋይናንስ ነፃ ቀጣናዎች የሚቋቋሙበትና ከፌዴራል ሕጎች ውጭ የሚሆኑበት መጠን በዚሁ አንቀጽ እንዲካተት ተደርጓል።

አንቀጽ 122 የቀረውን ይደነግጋል፤ ለፌዴራል መንግሥቱ በግልጽ ያልተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን የኤምሬቶች ነው። አንቀጽ 23 ደግሞ በእያንዳንዱ ኤምሬት የሚገኝ የተፈጥሮ ሀብት የዚያው ኤምሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑን ያረጋግጣል። ነዳጅ የፌዴራል ሳይሆን የኤምሬቶች ሀብት የሆነው በዚህ ድንጋጌ ነው። የኤምሬቶችን ኢኮኖሚ እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ደግሞ አንቀጽ 11 ነው። ሰባቱ ኤምሬቶች አንድ የኢኮኖሚና የጉምሩክ አካል እንደሚሆኑ፣ በመካከላቸው ካፒታልና ሸቀጥ በነፃ እንደሚንቀሳቀሱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያልፍ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንደማይጣል ይደነግጋል። ከሻርጃ ተነሥቶ አቡ ዳቢ የሚደርስ የጭነት መኪና በመንገዱ ላይ የጉምሩክ ኬላ የማያጋጥመው ለዚህ ነው።

የውጭ ፖሊሲን የሚወስነውና የሚያስፈጽመው

የአገሪቱ የበላይ የሥልጣን አካል የሰባቱ ኤምሬቶች ገዥዎች የሚቀመጡበት የፌዴራል ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። አጠቃላይ ፖሊሲን ይቀርጻል፤ የፌዴራል ሕጎችን ያጸድቃል፤ ርዕሰ ብሔሩንና ምክትሉን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። እያንዳንዱ ኤምሬት አንድ ድምፅ አለው። በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ ውሳኔ ለማሳለፍ የአምስት አባላት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ መካከልም አቡ ዳቢና ዱባይ ሊኖሩበት ግድ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ኤምሬቶች ባልተስማሙበት ጉዳይ ላይ ኅብረቱ ዐቢይ ውሳኔ ሊወስን አይችልም ማለት ነው።

የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኤምባሲዎችንና ቆንስላዎችን ያስተዳድራል፤ ድርድሮችን ይመራል፤ የሰነድ ማረጋገጫ አገልግሎት ይሰጣል። ሼክ አብዱላህ ቢን ዛይድ አል ናህያን ከ2006 ጀምሮ ሚኒስቴሩን ሲመሩ ቆይተዋል። አምባሳደሮች የሚሾሙትና የውጭ አምባሳደሮች የሹመት ደብዳቤያቸውን የሚያቀርቡት በርዕሰ ብሔሩ ደረጃ ነው።

አገሪቱ በተመሠረተች በቀናት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1971 የአረብ ሊግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆናለች። በግንቦት 1981 የባሕረ ሰላጤው አገሮች የትብብር ምክር ቤት የተመሠረተው በአቡ ዳቢ በተካሄደ ጉባኤ ነበር። በ1986 እና 1987፣ ኋላም በ2022 እና 2023 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ሆና አገልግላለች። በ2023 መጨረሻ ዱባይ 28ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች።

ሕገ መንግሥቱ ለኤምሬቶች ጠባብ ቀዳዳ ትቷል። በአንቀጽ 123 መሠረት አንድ ኤምሬት ከጎረቤት አገር ጋር ውስን የሆነ አካባቢያዊና አስተዳደራዊ ስምምነት ሊፈራረም ይችላል፤ ስምምነቱ ግን የኅብረቱን ጥቅም የሚጻረር ሊሆን አይገባውም፤ ጠቅላይ ምክር ቤቱም አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ይኸው አንቀጽ ኤምሬቶች በነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት፣ በኦፔክ፣ አባል ሆነው እንዲቀጥሉ ፈቅዶ ነበር። አቡ ዳቢ ድርጅቱን የተቀላቀለችው ኅብረቱ ከመመሥረቱ በፊት በ1967 ሲሆን፣ አባልነቷ በ1974 ወደ ፌዴራል አገሪቱ ተላልፏል። አንቀጽ 124 ደግሞ ሌላ ጥበቃ ያደርጋል፤ የፌዴራል መንግሥቱ የአንድን ኤምሬት የተለየ ሁኔታ ሊነካ የሚችል ዓለም አቀፍ ውል ከመዋዋሉ በፊት ያንን ኤምሬት ማማከር አለበት። አለመግባባት ቢፈጠር ጉዳዩ ለፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

አርባ አባላት ያሉት የፌዴራል ብሔራዊ ምክር ቤት በዚህ ዘርፍ ያለው ሚና የማማከር ነው። መንግሥት ከሌሎች አገሮችና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር የሚያደርጋቸውን ውሎች ለምክር ቤቱ ያሳውቃል።

የውጭ ፖሊሲና ንግድ የሚገናኙበት መስመር

የውጭ ፖሊሲ ውሳኔ የንግዱን በር ሊዘጋም ሊከፍትም እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ አለ። አገሪቱ ከተመሠረተች ብዙም ሳይቆይ፣ በ1972፣ የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 15 ከእስራኤል ጋር መገበያየትን ይከለክል ነበር። ሕጉ ፌዴራል ስለነበር ማንኛውም ኤምሬት በራሱ ፈቃድ ሊያልፈው አይችልም ነበር። በነሐሴ 2020 በወጣ የፌዴራል አዋጅ ሕጉ ተሻረ፤ በመስከረም ወር የአብርሃም ስምምነት ተፈረመ። በግንቦት 2022 ሁለቱ አገሮች የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት ተፈራረሙ፤ ስምምነቱም በሚያዝያ 2023 ሥራ ላይ ዋለ። ክልከላው በሕግ መጥቶ በሕግ የሄደ ሲሆን ሁለቱም ጊዜ ወሳኙ የፌዴራል መንግሥቱ ነበር።

የውጭ ንግድ፦ ከባሕረ ሰላጤው የጋራ ታሪፍ እስከ አጋርነት ስምምነቶች

የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በሚያዝያ 1996 የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ሆናለች። ከጥር 2003 ጀምሮ ደግሞ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የጉምሩክ ኅብረት ተግባራዊ ስለሆነ ከኅብረቱ ውጭ በሚመጣ አብዛኛው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ የታሪፉ መጠን በአገር ውስጥ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ ከስድስቱ አባል አገሮች የጋራ ውሳኔ ጋር የተሳሰረ ነው። በየወደቡና በየኤርፖርቱ ዕቃ የሚፈትሹትና ቀረጥ የሚሰበስቡት በአብዛኛው የየኤምሬቱ የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ የጋራ ሕጉንና ደንቡን የሚያስከብረው ግን የማንነት፣ የዜግነት፣ የጉምሩክና የወደብ ደህንነት ፌዴራል ባለሥልጣን ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለረጅም ጊዜ የነፃ ንግድ ድርድር ሲያካሂዱ የቆዩት በጋራ ነበር። ከሲንጋፖር እንዲሁም ከአውሮፓ የነፃ ንግድ ማኅበር አገሮች ጋር የተደረሱት ስምምነቶች የዚህ ውጤት ናቸው። የጋራ ድርድር ግን ጊዜ ይወስዳል። በመስከረም 2021 የፌዴራል መንግሥቱ በራሱ ስም ሁሉን አቀፍ የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነቶችን እንደሚዋዋል አስታወቀ።

የመጀመሪያው ከሕንድ ጋር የተደረገው ነው። በየካቲት 2022 ተፈርሞ በግንቦት 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ውሏል፤ ከ80 በመቶ በላይ በሆኑ የሸቀጥ ዓይነቶች ላይ ቀረጥን ቀንሷል ወይም አንሥቷል። ከኢንዶኔዥያና ከቱርክ ጋር የተደረጉት ስምምነቶች በመስከረም 2023፣ ከካምቦዲያ ጋር የተደረገው በጥር 2024 መጨረሻ፣ ከጆርጂያ ጋር የተደረገው በሰኔ 2024 ተግባራዊ ሆነዋል። ከአፍሪካ ሞሪሺየስና ኬንያ ከፈራሚዎቹ መካከል ይገኛሉ።

እነዚህ ስምምነቶች የሚሠሩት በትውልድ አገር ማረጋገጫ ነው። አንድ ነጋዴ የቀነሰውን ቀረጥ ለማግኘት ዕቃው በእርግጥ በፈራሚው አገር መመረቱን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። ከሌላ አገር መጥቶ ዱባይ ላይ መለያው የተቀየረ ዕቃ የስምምነቱ ተጠቃሚ አይሆንም። በአነስተኛ የገቢና የወጪ ንግድ የተሰማሩ ነዋሪዎች ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት ይህን ቢያጣሩ ከብዙ ኪሳራ ይድናሉ።

መንግሥት የነዳጅ ያልሆነውን የውጭ ንግድ በ2031 ወደ 4 ትሪሊዮን ድርሃም የማድረስ ዓላማ አስቀምጧል። በ2024 ይኸው ንግድ ወደ 3 ትሪሊዮን ድርሃም ተጠግቶ ነበር። የዘርፉ ክብደት እየጨመረ በመምጣቱ በሰኔ 2025 የውጭ ንግድ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ እንዲቋቋም ተወስኗል፤ የቀድሞው የኢኮኖሚ ሚኒስቴርም የኢኮኖሚና የቱሪዝም ሚኒስቴር ተብሏል። አዲሱን ሚኒስቴር እንዲመሩ የተሾሙት ቀደም ሲል የውጭ ንግድ ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት ዶክተር ሣኒ ቢን አሕመድ አል ዜዩዲ ናቸው።

የውጭ ኢንቨስትመንት፦ ከ51 በመቶ ደንብ እስከ ሙሉ ባለቤትነት

ለብዙ አሥርት ዓመታት ከነፃ ቀጣና ውጭ በሚቋቋም ኩባንያ ውስጥ ቢያንስ 51 በመቶው ድርሻ በኤምሬትስ ዜጋ እጅ እንዲሆን የፌዴራል የኩባንያ ሕግ ያስገድድ ነበር። የውጭው ባለሀብት ገንዘቡን በሙሉ ቢያወጣም በወረቀት ላይ የሚኖረው ድርሻ ከ49 በመቶ አይበልጥም። በዚህ ምክንያት በስም ብቻ አጋር የሚሆን ዜጋ ፈልጎ በየዓመቱ ክፍያ መክፈል የተለመደ አሠራር ሆኖ ነበር። አለመግባባት በተነሣ ጊዜ የውጭው ዜጋ የሚደገፍበት ሕጋዊ መሠረት ደካማ ነበር።

ከዚህ ገደብ ማምለጫ የሆኑት ነፃ ቀጣናዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1985 በዱባይ የተቋቋመው የጀበል አሊ ነፃ ቀጣና ሲሆን፣ ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ ነፃ ቀጣናዎች ይገኛሉ። በእነዚህ ውስጥ የውጭ ዜጋ ሙሉ በሙሉ የኩባንያ ባለቤት መሆን ይችላል። ነፃ ቀጣናዎቹን የሚያቋቁሙት ኤምሬቶች ናቸው። የፋይናንስ ነፃ ቀጣናዎች ግን ከዚህ ይለያሉ፤ የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከልና የአቡ ዳቢ ዓለም አቀፍ ገበያ በፌዴራል አዋጅ የተፈቀዱ፣ የራሳቸው የንግድና የሥራ ሕግ፣ የራሳቸውም ፍርድ ቤት ያላቸው ናቸው። የፌዴራል የወንጀል ሕግ ግን በእነርሱም ላይ ተፈጻሚ ነው።

ለውጡ በደረጃ የመጣ ነው። በ2018 የወጣው የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት ሕግ በተመረጡ ዘርፎች ከ49 በመቶ በላይ ባለቤትነትን ፈቀደ። በ2020 መጨረሻ በወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 26 ግን ያ ሕግ ራሱ ተሻረና የኩባንያ ሕጉ ተሻሻለ፤ ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ 51 በመቶ የሚለው አጠቃላይ ግዴታ ቀረ። በ2021 የወጣውና ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የኩባንያ ሕግም ይህንኑ አጽንቷል።

ሁሉም ዘርፍ ግን ክፍት አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስትራቴጂያዊ ተጽዕኖ ያላቸው ብሎ የለያቸው ሥራዎች አሉ። የጸጥታና የመከላከያ ሥራዎች፣ ባንክ፣ የገንዘብ ምንዛሪ፣ ኢንሹራንስ፣ ገንዘብ ማተምና ቴሌኮሙኒኬሽን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ በእነዚህ ዘርፎች የባለቤትነቱን መጠን የሚወስነው የሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ነው። ከዚህ ዝርዝር ውጭ ባሉት ሥራዎች ደግሞ የየትኛው ሥራ ፈቃድ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ የሚወስነው የየኤምሬቱ የኢኮኖሚ ልማት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሕጉ ፌዴራል ቢሆንም ፈቃዱ የሚገኘው ከኤምሬቱ ነው። በአንድ ኤምሬት ለውጭ ዜጋ በሙሉ ባለቤትነት የተፈቀደ ሥራ በሌላው ኤምሬት የተለየ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል።

በሐምሌ 2023 የኢንቨስትመንት ሚኒስቴር ተቋቁሟል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ተቋም ባወጣው መረጃ አገሪቱ በ2024 ወደ 45.6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት ስባለች፤ ይህም በዓለም ከአሥሩ ቀዳሚ ተቀባዮች ተርታ አሰልፏታል።

ለባለሀብቱ የሚሰጠው ዋስትናም ፌዴራላዊ መልክ አለው። አገሪቱ በመንግሥታትና በውጭ ባለሀብቶች መካከል ለሚነሣ ክርክር መፍቻ የሆነው የዓለም ባንክ ማዕከል ስምምነት አባል ናት፤ በውጭ አገር የተሰጡ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎች እንዲፈጸሙ የሚያደርገውን የኒው ዮርክ ስምምነትም በ2006 ተቀላቅላለች። ረጅም የመኖሪያ ፈቃዶችም የዚሁ ፖሊሲ አካል ናቸው። በ2019 የተጀመረውና በ2022 የተስፋፋው ወርቃማ ቪዛ ለባለሀብቶች፣ ለሥራ ፈጣሪዎችና ልዩ ሙያ ላላቸው ሰዎች ያለ ቀጣሪ ዋስትና ለረጅም ጊዜ የሚቆይና የሚታደስ ነዋሪነት ይሰጣል።

ወደ ውጭ የሚወጣው ገንዘብ የማን ነው?

በውጭ አገር የሚታየው የኤምሬትስ ኢንቨስትመንት አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ አይደለም። በ1976 የተቋቋመው የአቡ ዳቢ ኢንቨስትመንት ባለሥልጣንና ሙባዳላ የአቡ ዳቢ መንግሥት ንብረቶች ናቸው። የዱባይ ኢንቨስትመንት ኮርፖሬሽንና ወደብ አስተዳዳሪው ዲፒ ወርልድ የዱባይ ናቸው። የአቡ ዳቢ የልማት ፈንድም ስሙ እንደሚያመለክተው የአቡ ዳቢ መንግሥት ተቋም ነው፤ የሚሰጣቸው ብድሮችና እርዳታዎች ግን ከአገሪቱ የውጭ ፖሊሲ ጋር ተጣጥመው የሚሄዱ ናቸው። የፌዴራል መንግሥቱ የራሱ ሉዓላዊ ፈንድ የሆነው የኤምሬትስ ኢንቨስትመንት ባለሥልጣን በ2007 የተቋቋመ ነው።

ይህ የሆነው የነዳጅ ሀብት በሕገ መንግሥቱ የኤምሬቶች በመሆኑ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ገቢ የሚመጣው ከኤምሬቶች መዋጮ፣ ከአገልግሎት ክፍያዎችና ከታክስ ነው። በጥር 2018 የተጀመረው 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደነገግ ከገቢው 30 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት፣ 70 በመቶው ለኤምሬቶች እንዲሆን ተወስኗል። ከሰኔ 2023 ወዲህ በሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ከ375 ሺህ ድርሃም በላይ በሆነ ትርፍ ላይ የ9 በመቶ የድርጅት ታክስ ተጥሏል። የሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ታክስ የለም።

የጋራ ስምና የጋራ ኃላፊነት

ኤምሬቶች በኢኮኖሚ ይፎካከራሉ፤ በዓለም ፊት ግን የአንዱ ጉድለት የሁሉም ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል። በመጋቢት 2022 ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል አገሪቱን ጥብቅ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት ነበር። ጉዳዩ የአንድ ኤምሬት ባንክ ወይም የአንድ ኤምሬት የወርቅ ገበያ ብቻ ሆኖ አልተወሰደም። የፌዴራል መንግሥቱ የባንኮችን፣ የምንዛሪ ቤቶችን፣ የወርቅ ነጋዴዎችንና የሪል እስቴት ደላሎችን ቁጥጥር አጠበቀ፤ በየካቲት 2024 አገሪቱ ከዝርዝሩ ወጣች።

ይህ ለተራው ነዋሪም ተርፏል። ገንዘብ ወደ አገር ቤት ለመላክ ወደ ምንዛሪ ቤት የሚሄድ ሠራተኛ የኤምሬትስ መታወቂያ የሚጠየቀው፣ አንዳንድ ጊዜም የገንዘቡ ምንጭ የሚጠየቀው በዚህ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ነው። ፈቃድ ያላቸውን ምንዛሪ ቤቶች የሚቆጣጠረው ማዕከላዊ ባንክ ሲሆን ከፈቃድ ውጭ ገንዘብ ማስተላለፍ ሕገ ወጥ ነው። በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ቢጠፋ ላኪው አቤቱታ የሚያቀርብበት ማስረጃ አይኖረውም፤ ራሱም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ለአንድ ዶላር የተያዘ በመሆኑ ላኪው በሚያገኘው ብር ላይ የሚታየው መዋዠቅ ከሞላ ጎደል ከብሩ ምንዛሪ የሚመጣ ነው።

የሠራተኞች ጉዳይ እንደ ፌዴራል ሥልጣን

የውጭ ዜጎች ከሕዝቡ አብላጫውን በሚይዙበት አገር የሥራ ሕግ ከውጭ ግንኙነት ተነጥሎ አይታይም። ሠራተኛ የሚልኩ አገሮች የሚደራደሩት ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ነው። በኢትዮጵያም በኩል የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኞች ወደ አንድ አገር ከመላካቸው በፊት ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። አዋጁ የተሰየመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የግሉ ዘርፍ የሥራ ግንኙነት ከየካቲት 2022 ጀምሮ በፌዴራል አዋጅ ቁጥር 33/2021 ይመራል። የቤት ውስጥ ሠራተኞች በዚህ ሕግ አይሸፈኑም፤ ለእነርሱ የወጣው ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9/2022 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከክፍያ ጋር፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከእርሱም ውስጥ ቢያንስ ስምንቱ ተከታታይ ሰዓት እንዲሆን መብት አላት። ደመወዟ ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ ሊከፈላት ይገባል። ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን በእጇ የመያዝ መብት የራሷ ነው። የቅጥር ኤጀንሲዎች ፈቃድ የሚያገኙት ከሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ሲሆን፣ ከሠራተኛዋ የቅጥር ክፍያ መቀበል የተከለከለ ነው። ቅሬታ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለዚሁ ሚኒስቴር ነው፤ በሚኒስቴሩ ካልተፈታ ወደ ፍርድ ቤት ያልፋል።

ሕጉ ፌዴራል መሆኑ ትርጉም አለው። በፉጃይራ የምትሠራ ሠራተኛና በዱባይ የምትሠራ ሠራተኛ መብታቸው እኩል ነው። ቀጣሪዋ ከአንዱ ኤምሬት ወደ ሌላው ቢዛወር ሕጉ አይለወጥባትም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

በኢትዮጵያና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መካከል ያለው ግንኙነት ከላይ የተገለጸውን የሥልጣን ክፍፍል በአንድ ላይ ያሳያል። በሰኔ 2018 ዛሬ ርዕሰ ብሔር የሆኑት ሼክ ሞሐመድ ቢን ዛይድ አል ናህያን አዲስ አበባን በጎበኙበት ወቅት 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገብቶ ነበር፤ ከዚህም 1 ቢሊዮኑ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ፣ ቀሪው ለኢንቨስትመንት የሚውል ነበር። በሐምሌ 2018 የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች በአቡ ዳቢ ተገናኝተዋል። ሼክ ሞሐመድ በነሐሴ 2023 ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሲሄዱ በተለያዩ ዘርፎች በርካታ የመግባቢያ ሰነዶች ተፈርመዋል።

በጥር 2023 የአቡ ዳቢው የታዳሽ ኃይል ኩባንያ ማስዳር በኢትዮጵያ 500 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ለማልማት ስምምነት ተፈራርሟል። እዚህ ላይ ተዋዋዩ የአንድ ኤምሬት ኩባንያ ነው። በሐምሌ 2024 ደግሞ የሁለቱ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃምና 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ይህ ገንዘብን የሚመለከት በመሆኑ የፌዴራል ሥልጣን ነው። ሁለቱ አገሮች ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአንድነት የብሪክስ አባላት ሆነዋል።

የትኛው ጉዳይ ለማን ይቀርባል?

ለነዋሪው ጠቃሚ የሆነው መለያ ቀላል ነው። የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ አገልግሎቱን በስድስቱ ኤምሬቶች የማንነት፣ የዜግነት፣ የጉምሩክና የወደብ ደህንነት ፌዴራል ባለሥልጣን፣ በዱባይ ደግሞ የነዋሪነትና የውጭ ዜጎች ጉዳይ ዋና ዳይሬክቶሬት ይሰጣል። የሥራ ፈቃድ፣ የሥራ ውልና የደመወዝ ቅሬታ የሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ በፋይናንስ ነፃ ቀጣናዎች ውስጥ የሚሠራ ግን በቀጣናው ሕግ ይተዳደራል። የንግድ ፈቃድ ከኤምሬቱ የኢኮኖሚ ልማት መሥሪያ ቤት ወይም ከነፃ ቀጣናው አስተዳደር ይወጣል። የኪራይ ውልና የኪራይ ክርክር የኤምሬቱ ነው፤ የኪራይ ጭማሪ ደንቡም ከኤምሬት ኤምሬት ይለያያል።

ከኢትዮጵያ የመጣ የትምህርት ወይም የጋብቻ ማስረጃ በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በአዲስ አበባ በሚገኘው የኤምሬትስ ኤምባሲ፣ ከዚያም በአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። የፓስፖርት እድሳት፣ የውክልናና የዜጎች ጉዳይ በአቡ ዳቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲና በዱባይ በሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ይስተናገዳል። በሕግ ቁጥጥር ሥር የዋለ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲያውቅለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ መብት በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የተደነገገ ነው።

አንድ ሰው በተሳሳተ በር ቢያንኳኳ ከሚያጠፋው ጊዜ በላይ የሚጎዳው የይግባኝና የአቤቱታ ቀነ ገደብ ሊያልፍበት መቻሉ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረም፣ ፈቃድ ከማውጣት ወይም ክስ ከመመሥረት በፊት ጉዳዩ የፌዴራል ነው ወይስ የኤምሬት የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይገባል።